የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

አባቴንና ሄንድሪክን ያስተዋወቃቸው ወንበር ነው። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ውስጥ በአንድ አፓርትመንት ጎረቤታሞች ነን። ይህ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ሠዓሊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሸራውን፣ ቀለሙንና ታጣፊ ወንበሩን እየጎተተ ወደ መኪናው ሲሄድ አባቴ አቶ ጉግሳ በመስኮት ያዩታል። አንድ ቀን፣ ሽማግሌ ሲሸከም ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው ብለው ወጡና ወንበሩን ከእጁ ቀሙት። ቀምተውም አልቀሩ፣ መኪናው ውስጥ አብረውት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ዋይት ሮክ ሐይቅ ዳር ወንበር ተሸካሚው እሳቸው ሆኑ። ዕድሜያቸው ከሱ ይበልጣል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል!

እኔ ኤርፖርት ነው የምሠራው፣ ሺፍቴም ረጅም ነው። አባቴ ከጎንደር ከመጡ ጀምሮ ሶፋው ላይ ተተክለው ነበር የሚውሉት። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ሰላም ሲል "እንደምን ዋልክ" ብለው ይመልሱለታል። ሶ፣ ሄንድሪክን እግዜር ይስጠው። አንዱ እንግሊዝኛ አይችል፣ አንዱ አማርኛ አይችል፣ ሲያወሩ ይውላሉ። ስሙ አልያዝ ሲላቸው ሄኖክ ብለው አጠመቁት። እኔ ደግሞ በሽማግሌነቱ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ሄንድሪክ በይኝ ስላለኝ እሱ እያልኩ ለምጄ ቀረሁ።

የሚሥለው ሐይቅ፣ ዛፍና ሰማይ ነው። አንድ ቀን እኔ እያስተረጎምኩ ለአባቴ እንደነገራቸው፣ የአገሩ ሰማይ ደመና ይበዛበታል። ከጥንት ጀምሮ አንዳንድ የሆላንድ ሠዓሊዎች ብርሃን ፍለጋ ወደ ደቡብ፣ እስከ ሮም ድረስ ይሄዱ ነበር። እዚያ ዓመታት ሠርተው አገራቸው ሲመለሱ፣ ውጭው እየዘነበ እነሱ ቤት ውስጥ የሮምን ወርቅ የመሰለ ምሽት ይሥላሉ። እሱም በወጣትነቱ በእነሱ ዱካ ጣሊያንና ስፔን ኖረ፤ ኋላ ለዳላስ ምሽት ሲል እዚሁ ቀረ። እኔ እንኳ በዚያ ብርሃን ሀይዌይ ላይ ዓይኔ እየጠፋ ከመንዳት በቀር ያተረፍኩት ነገር የለም። አባቴ ግን፣ ለብርሃን ብሎ ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው ደግ ሰው ነው ብለው ፈረዱ።

በበልጉ መጨረሻ የሄንድሪክ ልጅ አባቱን ወደ ሆላንድ ሊወስድ ወሰነ፤ ዕድሜው ገፍቷላ። ከመሄዱ በፊት በነበረው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ለአባቴ መታሰቢያ ትልቅ ሥዕል ይዞ መጣ። ሐይቁ አለ፤ ያ የሚወደው ምሽት አለ። በግራ በኩል ደግሞ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ውሃው ያያሉ። እኔ እንባዬ መጣ። አባቴ አዩት፣ አዩት፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ሄንድሪክ ሲያንኳኳ፣ አሞኛል በይው አሉኝ። ማታ ሲመለስም እንደዚያው። እኔ ቢቆጡኝ እችላለሁ፣ ሲያኮርፉ ግን አልችልም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኦኬ፣ ዛሬ ሳይነግሩኝ አልነሳም አልኳቸው።

"አንድ ዓይን አደረገኝ" አሉ። "እንደ ይሁዳ።"

ያኔ ገባኝ። አባቴ ያደጉት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያዩ ነው። እዚያ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉትና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። ሕፃን እንኳ ደጉን ከክፉው በዚያ ይለያል። ሄንድሪክ ደግሞ አባቴን በጎን ነው የሣላቸው። እሱ ይህን ከየት ያውቃል፣ የእነሱ አሣሣል እኮ ሌላ ነው ብላቸው ወይ ፍንክች! ወንበሩን ተሸክሜለት፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ በልቡ ያለሁት እንዲህ ሆኜ ነው እንዴ አሉ። እንዲህ ተከፍተው አይቻቸው አላውቅም። ሰውየው ሐሙስ ይሄዳል። እንደተኳረፉ ከተለያዩ በዚህ ዕድሜያቸው ዳግም አይገናኙም፤ አባቴም ወደዚያ ሶፋ ሊመለሱ ነው። ፈራሁ።

ሄጄ የሄንድሪክን በር አንኳኳሁና ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ቢስቅ ኖሮ እኔና እሱም እንጣላ ነበር። አልሳቀም። በእነሱ ዘንድ ሰው አገሩን ሲያይ በጎኑ ይሣላል አለኝ፤ ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ ዓይኑን ተከትሎ ብርሃኑን እንዲያገኝ። ጉግሳ ያንን ውሃ ሲያዩ ነው ይበልጥ የምወዳቸው አለ። ከዚያ ሥዕሉን እንዳመጣለት ለመነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ቀለሙ ሳይደርቅ ይዞት መጣ። እንግዳ በር ላይ አይቆምም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት ብዬ አባቴን ከክፍላቸው አወጣኋቸው። ሁለተኛ ዓይን የጨመረላቸው መስሎኝ ነበር። የአባቴን ፊት ግን አልነካውም። ከፊት ለፊታቸው ሌላ ወንበር ሥሎ፣ ራሱን አስቀምጦበታል፤ ራሱንም በጎን፣ በአንድ ዓይን። ዕድሜውን ብርሃን ፍለጋ የጨረሰው ሰውዬ፣ ለሐይቁም ለፀሐይዋም ጀርባውን ሰጥቶ አባቴን ያያል።

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ጣታቸውን ከራሳቸው ፊት ወደ ሄንድሪክ ፊት፣ ከሄንድሪክ ወደ ራሳቸው አመላለሱት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ጥሩዬ፣ ንገሪው" አሉኝ። "የኔ የሚታየው ቀኙ ነው፣ የሱ ግራው ነው። ሁለታችን አንድ ላይ ሙሉ ፊት ወጣን።"

ተረጎምኩለት። ሄንድሪክ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። አባቴም ሲበቃቸው፣ በይ ራት አቅርቢ፣ ሄኖክ ርቦታል አሉ።

ሐሙስ ኤርፖርት ያደረስነው እኛ ነን። ፓርክ አድርጌ ሻንጣውን ላወርድ ብዞር፣ አባቴ ቀድመውኝ ተሸክመውት እየሄዱ ነበር።