ያለ ቅጠል ቲኖላ የለም

ውሉ የታሰረው ዓርብ ማታ ራት ላይ ነው። ሊዋይዋይ ከምትኖርበት ከካቪቴ ከተማ በአውቶቡስና በመርከብ ወደዚህች ደሴት የመጣችው እናቷን ይዛ ልትመለስ ነበር። እዚያ ቤቷ የእናቷ ክፍል ተቀብቷል፣ አልጋው ተገዝቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል። ለዕቃ ማሰሪያ የሚሆን ካርቶንና አንድ ጥቅል ሰማያዊ የላስቲክ ገመድ ሳይቀር ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። እናቷ ሜትሪንግ ግን የማይታዘዛትን ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በግራዋ ሩዝ እየጎረሰች፣ “አልሄድም” አለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ምላሷ አንዳንዴ ይያዛል፤ ይህችን ቃል ስትናገር ግን አልተያዘባትም።

“በአንድ እጅ ብቻዎን እንዴት ነው የሚኖሩት?”

“እንደ ሰው።”

“ኢናይ” አለች ሊዋይዋይ፤ በአገሩ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው። “ቀልዴን አይደለም። ምን ሊበሉ ነው? የጎረቤት ትራፊ?”

“የራሴን ቲኖላ።”

ሊዋይዋይ ሳቀች። ቲኖላ የዶሮ ወጥ ነው፤ ዝንጅብል፣ ያልበሰለ ፓፓያና ቅጠል የገባበት ቀጭን መረቅ። በዚህ መንደር ቲኖላ የማትሠራ ሴት ምግብ ትችላለች አይባልም። ግን ዶሮዋን ከመያዝ አንስቶ ድስቱን እስከ ማውረድ ድረስ እያንዳንዱ ሥራ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይቆርጣል። ሊዋይዋይ ስቃ ስታበቃ የእናቷን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

“እሺ። እሁድ ይሥሩልኝ። ከዶሮዋ አንገት እስከ ሳህኑ ድረስ በራስዎ እጅ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ማንንም መጥራት የለም። አንድ ሰው ከጠሩ ካርቶኑን አስራለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።”

“ካልጠራሁስ?”

“ብቻዬን እመለሳለሁ።”

“እንግዲያው ሩዝ ጨምሪ” አለች ሜትሪንግ። “መንገዱ ረጅም ነው።”

ሜትሪንግ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ነው የገፋችው። ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፏ በፊት ልብሱን በሐሳቧ ጨርሳ የምትሰፋ ሴት ነበረች፤ እጅጌው የት እንደሚገባ፣ ስፌቱ የት እንደሚጨርስ አስቀድማ ሳታይ ጨርቅ አትነካም። ቅዳሜን ውላ ያደረችው እንደዚያ ስታስብ ነው። ልጇ የምታየው እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ አየር ላይ ስታፈጥ ነው። ሜትሪንግ ግን ዶሮዋን ገና ሳትይዛት በሐሳቧ ብልቷን እያወጣች ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሥራው ተጀመረ። ሊዋይዋይ የማድ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አኑራ ተቀመጠች። ሜትሪንግ በግራ ክንዷ ዶሮዋን እብብቷ ሥር ወትፋ፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ወደ ኮኮናቱ ዛፍ ሄደች። ግንዱ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን በሚስማር ተመትቷል፤ ቂጡ ተቆርጦ፣ አፉ ሰፋ ተደርጎ ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ዶሮዋን በጭንቅላቷ አስገባቻት። ክንፏ እንደ ተጠቀለለ ሕፃን እጥፍ ብሎ ታሰረ፤ አንገቷ ከታች ወጣ። አንድ ጊዜ የቢላ ስንዘራ በቃ።

“ይህን ማን መታልዎት?” አለች ሊዋይዋይ።

“ያው እኔ። ሚስማሩን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ።”

“መቆንጠጫውንስ ማን ያዘው?”

“ጥርሴ።”

ከአጥሩ ማዶ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ማንግ ቴባን ነው፤ የሊዋይዋይ የክርስትና አባት፣ የሜትሪንግ የረጅም ጊዜ ጎረቤት። ማንጎ ዛፍ ሥር የመረብ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ውሉን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።

“እኔ የለሁም!” ብሎ ጮኸ። “ማንም አልጠራኝም፤ አልሰማሁም፤ አላየሁም!”

ላባው በፈላ ውሃ ራሰ፤ ሜትሪንግ የዶሮዋን እግር በራሷ እግር ረግጣ ነጨችው። መክተፊያዋ ላይ ሹላቸው ወደ ላይ የወጣ ሁለት ሚስማሮች አሉ። ዶሮዋን እዚያ ላይ ሰካቻትና መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን በቢላዋ ጫፍ እየፈለገች ብልቷን ለየች። ከመክተፊያው ሥር እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ አንጥፋለች። ፓፓያውም በተራው ሚስማሩ ላይ ወጣ፤ አረንጓዴ ልጣጩ እየተጠቀለለ ወረደ። ዝንጅብሉን በጠርሙስ ቂጥ ቀጠቀጠችው። ሁሉም በዝግታ ነው። አንድ ነገር ሲያመልጣት ቆም ብላ ታየዋለች፣ ለምን እንዳመለጣት ትረዳለች፣ ከዚያ በሌላ በኩል ትይዘዋለች። ሁለት ጊዜ ሽንኩርቱ ወለል ላይ ተንከባለለ። ሁለት ጊዜ ሊዋይዋይ ከበርጩማዋ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች።

አንዴ ግን መቀመጡ አልሆነላትም። ሩዙ ታጥቦ ድስት ውስጥ ገብቷል፤ ወለሉ ላይ በሳፋ ነጭ ድፍርስ ውሃ ቀርቷል። ሊዋይዋይ በከተማ ልማዷ ቦታ ላስለቅቅ ብላ ሳፋውን አንሥታ ወደ ደጅ ዞረች።

“እጣቢዬን!” ሜትሪንግ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። “የሁለተኛው እጥበት ነው! መረቁ ምን ሊሆን ነው፣ የቧንቧ ውሃ?”

ሊዋይዋይ እንደ ሌባ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ፣ “ሰው ጠሩ ልበል?” አለች።

“አንቺን መጥራት አይደለም። ማስቆም ነው።”

“ልክ ናት!” አለ አጥሩ።

“እርስዎ የሉም አላሉም እንዴ?” አለች ሊዋይዋይ፤ ሳፋውን ግን በቦታው መለሰች።

ዘይቱ ጋለ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ተቁላላ፤ ዶሮው ገባ፤ ከዓሣ የሚወጣው ጨዋማው ፓቲስ ጠብ ጠብ ተደረገበት፤ ከዚያ የሩዙ እጣቢ በጭልፋ እየተቀዳ ተጨመረ። ሜትሪንግ ከድና ጠበቀች። ጓሮ የዞረች ዶሮ ናትና ሥጋዋ ቶሎ እጅ አይሰጥም። ሹካ ሰክታ ስትሞክር፣ ስትከድን፣ ደግማ ስትሞክር ቆየች። ሹካው ያለ ትግል ሲገባ ፓፓያውን ጨመረችና በትሯን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። የቀረው ቅጠሉ ብቻ ነው።

የሽፈራው ቅጠል ቲኖላ ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው። የሜትሪንግን ትልቅ የሽፈራው ዛፍ ያለፈው አውሎ ነፋስ ከሥሩ ነቅሎታል። እሷ ግን ከወደቀው ላይ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጣ አጥሩ ሥር ተክላ፣ ጸድቆላት፣ ለአንድ ድስት የሚበቃ ቅጠል አውጥቶላት ነበር። ትናንት ማታ ወጥታ አይታዋለች።

አሁን የቆመው ራቁቱን የቀረ እንጨት ነው። ከአጥሩ ማዶ የማንግ ቴባን ፍየል ቀጭን ዘንግ በአፏ ጎን አንጠልጥላ ታላምጣለች።

ሜትሪንግ በትሯን ተደግፋ ቆመች። የቃሪያ ቅጠልም ይሆን ነበር፤ ቃሪያውን ግን ያው አውሎ ነፋስ ወስዶታል። ቀና ስትል የማንግ ቴባን ሽፈራው አጥሩን ተሻግሮ ራሷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወፍራም፣ ለምለም፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት። የመረብ አልጋው ዝም ብሏል። ሰውዬው ተኝቷል መሰል። ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ የሚታየው የሊዋይዋይ ጀርባ ነው።

ግራ እጇ ወጣ። ቅጠሉን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር።

በዚህ መንደር ሽፈራው አይሸጥም፤ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። ሳይጠይቅ የቆረጠ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ዛፉ የወንድሙም ቢሆን ሌላ ነው። ሜትሪንግ ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ስትወለድ የነበረ ነገር ነው። ከኋላዋ ድስቱ ይንተከተካል፤ ፓፓያው እሳት ከበዛበት ይላሽቃል፤ ቤቷ፣ የስፌት መኪናዋ፣ በሐሳቧ የምትሰፋበት ደጃፍ፣ ሁሉም በዚህች ቅጠል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እጇን መለሰች። ደረቷን በአየር ሞላች።

“አበልጄ! ቅጠል ልቆርጥ ነው!”

“ቁረጪ እንጂ፣ ምን ትጠይቂያለሽ!” አለ የእንቅልፍ ድምፅ። ወዲያው የመረብ አልጋው ሲጢጥ አለ። “እንዴ! አንቺ ሴትዮ! ዛሬ ዝም ማለት አልነበረብሽም?”

ሊዋይዋይ በሩ ላይ ቆማለች። “ኢናይ” አለች። “ጠሩ።”

“ጠራሁ።”

“ፍየሌ ናት ጥፋተኛዋ” አለ ማንግ ቴባን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፤ ፀጉሩ በመረቡ ተጨፍልቋል። “የሚታሰር ካለ እሷን እሰሯት። ካቪቴ ይዘሻት ሂጂ፤ መጋረጃሽን ትብላው።”

ሊዋይዋይ አልሳቀችም። ወደ እናቷ ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ተክሉ መበላቱን ጠዋት አይቻለሁ። ሆነ ብዬ ነው ጀርባዬን የሰጠሁት። ለምን ዝም ብለው አልቆረጡም?”

ሜትሪንግ ወደ ልጇ ዞረች።

“ካቪቴ እንዲህ ነው? ሰው ዞር ካለ ይወሰዳል?”

“ካቪቴ ከገበያ ነው የምገዛው።”

“ቅጠል ይገዛል!” አለ ማንግ ቴባን፤ ራሱን ያዘ።

“አያትሽ ሁለት ጤነኛ እጅ ነበራት” አለች ሜትሪንግ። “ይህንኑ አጥር ይዛ ትጠራ ነበር፤ የዚህን ሰውዬ እናት። እጅ ስላጠራት አይደለም የምትጠራው። ላሳይሽ የፈለግሁት መጥራት ክልክል በሆነበት ቤት መኖር መቻሌን አይደለም፤ እዚህ፣ ሰው በሚጠራበት መንደር መኖር መቻሌን ነው።” ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ሰበረች። “ካርቶንሽን ማሰር ትችያለሽ። ድስቱን ግን እጨርሰዋለሁ።”

ማድ ቤት ገብታ የቅጠሉን ዘንግ በጥርሷ ነከሰች፤ በግራ እጇ ከላይ ወደ ታች ሞሸለቀችው። ቅጠሉ እንደ ዝናብ ድስቱ ላይ ረገፈ። ሊዋይዋይ አሁን በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ድስቱን ታያለች። ምን እንደምታስብ ግልጽ ነው። የሸክላ ምድጃው ከፍ ያለ ነው፤ ድስቱ ባለ ሁለት ጆሮ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። በአንድ እጅ የሚያወርደው የለም።

ሜትሪንግ ድስቱን አልነካችውም። ጎንበስ ብላ የሚነዱትን እንጨቶች አንድ በአንድ በጭራቸው ሳበች፤ ከምድጃው አውጥታ በአመድ ባልዲ ውስጥ ዘቀዘቀቻቸው። ፍሙን በቁራጭ ቆርቆሮ ጠርጋ አወጣችው። መንተክተኩ ቆመ። ድስቱ ጉልቻው ላይ እንዳለ በጭልፋ ቀዳች፤ አንድ ሳህን ለልጇ፣ አንድ ለራሷ። ሦስተኛውን ግን እጀታና ክዳን ያለው ሳፍሳ ውስጥ ጨመረችው፤ ጉበቱን ፈልጋ ከላይ አደረገችበት።

“እሱ የማነው?” አለች ሊዋይዋይ።

“የቅጠሉ።”

“ላድርስልዎት?”

“ውሉ እስከ ሳህን ነው፤ በራሴ እጅ።”

በትሯን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተወችው፤ ለሁለቱ የሚሆን እጅ የላትም። ሳፍሳውን በግራዋ አንጠልጥላ፣ በትከሻዋ ግድግዳውን፣ ከዚያ ኮኮናቱን፣ ከዚያ አጥሩን እየታከከች ሄደች። ማንግ ቴባን ሊቀበላት እጁን ቀድሞ አልዘረጋም። አጥሩ ላይ እስክታስቀምጠው ጠበቀ።

“ጉበቱን አደረግሽ?”

“ብላ ዝም ብለህ።”

“በየማለዳው ይቺን ጢስሽን አያለሁ” አለ ለሊዋይዋይም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ያን ዕለት በሽታው ሲጥልሽ ጢስ አላየሁም። ለዚህ ነው አጥሩን የዘለልኩት። ካቪቴ ውስጥ ጢስ የሚያይ አለ?”

ሜትሪንግ ተመልሳ ተቀመጠች። ሊዋይዋይ መረቁን ሩዟ ላይ አፍስሳ ጎረሰች፤ ደገመች። ከዚያ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ጨው ያንሰዋል።”

“ፓቲሱ አጠገብሽ ነው።”

ሊዋይዋይ ፓቲሱን ጨመረች። ሳህኗን ጨርሳ፣ ተነሥታ ራሷ ከድስቱ ቀድታ፣ ያንንም ጨረሰች። “እስከ ገና ይቆዩ” አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ።

“የትኛው ገና?”

“ኢናይ!”

“መጠየቅ ነው።”

ልጅቷ ሳትመልስ በሩ ጋ ሄዳ ሰማያዊውን ገመድ አነሣች። የሜትሪንግ ማንኪያ ባለበት ቆመ። ሊዋይዋይ ግን ካርቶኑን አልነካችውም፤ ወደ ጓሮ ወጣች። አውሎ ነፋሱ ከጣለው የአጥሩ ጥግ አራት የቀርከሃ እንጨቶች መርጣ፣ በራቁቱ የሽፈራው ቅርንጫፍ ዙሪያ በድንጋይ እየመታች ተከለቻቸው። ገመዱን ከእንጨት ወደ እንጨት እያዞረች ጥልፍልፍ አድርጋ ሠራችው። ፍየሏ ከማዶ ቆማ በቅሬታ ታያለች።

ሜትሪንግ በትሯን ይዛ ወጥታ ቋጠሮውን ስታይ ቆየች። አንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተንቀሳቀሰ።

“ጠበቅ አድርጊው እንጂ” አለች። “ሁለት እጅ አለሽ አይደል?”