ሦስተኛው ቀዳዳ

እታገኘሁ «ወይኔ!» ብላ ስትጮኽ፣ ሳሎን የተቀመጠው ለቀስተኛ አዲስ ሙሾ የወረደ መስሎት ተቀበላት። እሌኒ ደረቷን መታች። በር አጠገብ የቆሙት ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ጩኸቱ እውነትም ከአንጀት የወጣ ነበር፤ ግን ለሟቹ ለጋሼ ወንድይራድ አልነበረም። ጎረቤታቸው እታገኘሁ በአንድ እጇ የውሃውን ቧንቧ፣ በሌላው ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ትልቅ የብረት ሻይ ማፍያ ይዛ ኤሌክትሪክ ነዝሯት ነው።

«ነዘረኝ እኮ!» አለች ልቅሶው ጋብ ሲልላት፣ ከኩሽና ብቅ ብላ። «ሰው ሊሞት ነው ስል እናንተ ታጅቡኛላችሁ!»

«ታዲያ ልቅሶ ቤት ሰው ሲጮኽ ምን እናድርግ?» አለች እሌኒ ዓይኗን እየጠረገች።

የሟች ሚስት ዘቢደር ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩ ያልገረማት እሷ ብቻ ነበረች። ዓይኗን ወደ እግሯ አወረደች። ከቀብር እንደተመለሰች ያጠለቀችው የባሏ ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አሁንም እግሯ ላይ ነው። ይሰፋታል። ያየ ሁሉ «አይ ፍቅር!» እያለ አንጀቱ ተበልቷል፤ ፍቅርም አልጠፋበትም።

ፍሬው ወደ ኩሽና ገባ። ግሌንዴል የሚኖር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ኪሱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አምፖሎች ያሏት፣ አውራ ጣት የምታህል መፈተሻ ነበረችው። ሰው ወደ ልቅሶ ቤት የማጽናኛ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ፍሬው ግን ቃል ላይ ደካማ ነው። ማፍያውን ነቀለና መፈተሻዋን ግድግዳው ላይ ሰካት። አንዷ አምፖል ብቻ በራች።

«ሁለቱ መብራት ነበረባቸው» አለ።

ዘቢደር ከኋላው ቆማ ነበር። «ባይበሩስ?»

«ግራውንድ የለውም ማለት ነው እትዬ። በእኛ ምን ይባላል... መሬት። መሬት የለውም። ይኸውልዎት፣ ማፍያው ውስጡ ተበላሽቷል፣ ሽቦው ብረቱን ነክቷል፣ ኦኬ? ኮረንቲው በሦስተኛው ቀዳዳ ወደ መሬት ሄዶ ብሬከሩን ጥሎ መብራቱን ያጠፋው ነበር። መሄጃ ሲያጣ እታገኘሁን አገኘ።»

«ቀዳዳው አለ እኮ።»

«ቀዳዳውማ አለ። ከኋላው ምንም የለም። ሶኬቱን ማን ነው የቀየረው?»

እታገኘሁ በኩራት ቀድማ መለሰች። «ጋሼ ወንዴ ናቸው እንጂ! የኔንም ቤት ሶኬት የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።» ይህን ካለች በኋላ የተነዘረ እጇን አገላብጣ አየችው።

ወንድይራድ ዕድሜውን በሰው አገር፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው ነበር። እዚህ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው አሮጌ አፓርትመንት ሲገቡ የግድግዳው ሶኬት ሁሉ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነበር፤ የገዙት ዕቃ ሁሉ ደግሞ ባለ ሦስት እግር። ማናጀሩን ሲጠሩት «ኔክስት ዊክ» ይላል፤ ያ ሳምንት ግን መጥቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ወንድይራድ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ፣ ፈረንጁ የሚያደርገውን እያደረገ ሶኬቱን በባለ ሦስት ቀዳዳ ቀየረው። ቪዲዮው ሳያልቅ የሥራ ሰዓቱ ደረሰ። መጨረሻውን አይቶት አያውቅም።

ዘቢደር ባትሪ ይዛ ታበራለት ነበር። «ይቺ ሦስተኛዋስ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችው።

«የትም። ለወግ ናት።»

ከዚያ ወዲህ «ኢንጂነር» ተባለ። በዕረፍት ቀኑ የሚውለው ሰው ቤት ነው፤ ፓሳዴና ድረስ ይጠሩታል። በየሄደበት ቀዳዳ ይጨምራል። ሲመለስ ቀና ብሎ ነው የሚገባው። ቁልፍ ሲወረውሩለት እንጂ ቀና ብለው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ያስደፉት አንገት ነበር፤ ዘቢደር ያን ቀና ማለቱን ስትወደው ልክ አልነበራትም።

አንድ ቀን ግን የገዛ ፍሪጁ ነዘረው። ወጣና ይህን ነጠላ ጫማ ገዝቶ ተመለሰ። «በባዶ እግርሽ ፍሪጅ እንዳትነኪ» አላት። እሱም ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ በእጁ ጀርባ ዳሰስ ያደርገዋል፤ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

«ሰዎቹንስ አትነግራቸውም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

ምን ብሎ እንደሚነግራቸው እሷም አላወቀችም። ከዚያ ልቡ በእንቅልፉ ቆመና ጥያቄው ለሷ ቀረ።

ፍሬው ድምፁን ቀነሰ። «እትዬ፣ ጋሼ የነማንን ቤት ነው የሠሩት?»

ሳሎኑ መለሰለት። የእታገኘሁ መነዘር ለቀስተኛውን የሟቹን ሙያ አስታውሶታል።

«የኔን ጋራዥ በሙሉ እሱ ነው የሠራው!»

«እኔ ቤት ሲውል ምሳ እንኳ አልበላልኝም!»

«የኔንማ ኩሽናውን፣ መኝታ ቤቱን፣ የልጅ ልጄ የሚድህበትን ክፍል ሳይቀር!» አለች እሌኒ፣ እንደገናም ተለቀሰ።

ሰዉ ያወድሳል። ዘቢደር የሚሰማት ግን አድራሻ ብቻ ነበር።

«ልንገራቸው?» አለ ፍሬው። «ሥራው ቀላል ነው። ሰው ሊነዝር ሲል በራሱ ኮረንቲውን የሚቆርጥ አውትሌት፣ ሶኬት ማለቴ ነው፣ አለ፤ ቤት ለቤት ዞሬ እኔ እቀይርላቸዋለሁ። ግን ማወቅ አለባቸው።»

«ዛሬ? ፍራሹ ሳይነሣ? ሲያመሰግኑት እየሰማህ?»

«የሚድህ ልጅ አለ እኮ እትዬ።»

ሳሎን እሌኒ «በሉ እግዜር ያጽናችሁ» እያለች ስትነሣ ተሰማ።

«ቆይ» አለችው ዘቢደር። «እኔ እነግራታለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። «እሌኒ፣ ወንዴ ቤትሽ የሠራልሽ...» ፍሬው ያለው ብቻ አፏ ላይ መጣ። «መሬት የለውም።»

እሌኒ አቀፈቻት። «እንዴት የለውም፣ እናቴ? እኛው አይደለን አፈር ያለበስነው? ደግሞ ቦታው! ዛፍ ሥር!»

«እሱን አይደለም። ሦስተኛው ቀዳዳ...»

«ጉድጓዱን አታስቢው። በቃ፣ አታስቢው» አለች እሌኒ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች።

ዘቢደር ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማውን ከእግሯ አወለቀችና እሌኒ እጅ ላይ አኖረችው። «ፍሪጅ ስትነኪ ይህን አድርጊ።»

እሌኒ ጫማውን ሳመችው። «ለመታሰቢያ! ፎቶው ሥር ነው የማስቀምጠው።»

«አታስቀምጪው! አድርጊው ነው የምልሽ!»

«እሺ፣ እሺ» አለች እሌኒ፣ ኀዘን የሚያናግረውን ሰው እሺ እንደሚሉት፤ ጫማውንም በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ዘቢደር ከትከሻዋ በላይ ፍሬውን አየችው። እንደቆመ ነው።

«ፍሬው፣ እሌኒን አንተ ድራይቭ አድርገህ አድርሳት» አለች። «ቤቷ ስትገባ ያን ዕቃህን ሰካው። ከዚያ ንገራት። ከሷ ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ።»

ፍሬው የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ዘቢደር ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ «ስለ ጋሼስ ምን ልበላቸው?» አለ።

ዘቢደር አሰበች።

«ቪዲዮው አላለቀለትም በላቸው።»

ሄዱ። ሳሎን አንድ ሰውዬ ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቀ። እታገኘሁ የኩሽናው በር ላይ እጇን ብብቷ ሥር አድርጋ ቆማለች። «እኔ ዛሬ ብረት የሚባል ነገር አልነካም» አለች።

ዘቢደር አልፋት ገባች። በባዶ እግሯ ነበረች፤ የወለሉ ንጣፍ ቀዘቀዛት። ፍሪጁ ፊት ቆመችና የእጇን ጀርባ በቀስታ አስጠጋችው።

ጥቂት ነዘራት።

እጇን ቶሎ አላነሣችም።