ሐሙሲት የቀረው መጨረሻ

እናቴ ፀሐይወርቅ የሒሳብ መምህር ናት። በምታስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ እሷ የሚፈራ ሰው የለም፤ ኮሪደሩ ላይ የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቢያያት ግን እሷ መሆኗን ይጠራጠር ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት መጽሐፍ ይዛ፣ "አትመኚው! አትመኚው አንቺ ሞኝ!" እያለች ከመጽሐፉ ጋር ትጣላለች።

የፍቅር ልብ ወለድ ነው የምታነበው። ሌላ አታነብም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓይነት አላት። አንዱ የጥንቱ ነው፤ እመቤቶች በበቅሎ የሚሄዱበት፣ ጎራዴ የሚመዘዝበት፣ ፍቅረኛሞቹ እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ድረስ እጅ ለእጅ የማይነካኩበት። ሌላው የዘመኑ ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ውስጥ ያለ ቁመተ ረጅም ሐኪም ስልክ አያነሣም፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ኋላ ላይ ባትሪው አልቆበት እንደነበር ይታወቃል። እማዬ የጥንቱን በክረምት፣ የዘመኑን በበጋ ነው የምትመርጠው። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ "በፀሐይ በቅሎ ያደክመኛል" አለችኝ።

አባቴ ባምላክ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። ልብ ወለድ የሚባል ነገር በእጁ አይነካም ነበር። ከሥራ ሲመለስ በበረንዳው በኩል እያለፈ፣ "ዛሬስ ተጋቡ?" ይላታል።

"ገና ነው።"

"ምን ያንዛዛቸዋል? እኛ እኮ ሽማግሌ አንዴ ልኬ ነው የጨረስነው።"

"ለዚህ ነው ስለ እኛ ማንም መጽሐፍ ያልጻፈው" ትለዋለች፤ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አያቴ የአባዬ አባት ናቸው፤ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በከተማችን ዳር ባለው ሐይቅ ደሴት ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም እኛ ዘንድ መጡ። ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት መጽሐፉን የሚይዙት ለእጃቸው ልማድ ያህል ነው። ስለ እማዬ ንባብ ሲጠየቁ፣ "ተረት ነው፤ ቢሆንም ሰው አይጎዳም" ነበር መልሳቸው።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል የእማዬ ዓይን ላይ ሞራ ወጣ። ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሐኪሙ ዓይኗን ካሸገ በኋላ፣ "ለጥቂት ሳምንታት ማንበብ የለም፤ ማጎንበስ የለም" አላት።

"ማጎንበሱን እተዋለሁ" አለች።

"ሁለቱንም" አላት።

ችግሩ መጽሐፉ ነበር። አንድ የጎንደር ዘመን ታሪክ ጀምራ፣ የደጃዝማቹ ልጅ ወለተ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሊሥል የመጣውን ድሃ ሠዓሊ በመስኮት ያየችበት ቦታ ላይ ነው ያቋረጠችው። በመስኮት ካየችው በኋላ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እንዴት ትረፍ?

መጀመሪያ እኔን ያዘችኝ። ቃልኪዳን እባላለሁ፤ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ፣ በአንድ ኮሌጅ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ምዕራፍ አነበብሁላት። "ልጄ፣ ሰውየው ልቡ ሊወጣ ነው፤ አንቺ የአየር ጠባይ ታነቢልኛለሽ" ብላ አባረረችኝ።

ስለዚህ ዕጣው አባዬ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ከፋብሪካ መጥቶ እጁን እንደታጠበ መጽሐፉን ሰጠችው።

"እኔ? ይኼን?"

"የሞተር ማኑዋል ታነብ የለም እንዴ? እንደዚያው አንብብልኝ።"

እውነትም እንደ ማኑዋል አነበበው። "ወለተ ሥላሴ። ወደ መስኮቱ። ቀረበች። ሠዓሊው። ቀና አለ።" እያንዳንዱን ቃል እንደ ሽቦ እየቆረጠ ያስቀምጠዋል። እማዬ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሳቋን ለመያዝ የትራሱን ጫፍ ነከሰች። ሐኪሙ መሳቅም የለም ሊላት ይገባ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አባዬ ሠዓሊው ሲናገር ድምፁን ማለስለስ ጀመረ። ደጃዝማቹ ሲመጣ ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚገባበት። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ከሚያገኘው ሰው ጋር ቆሞ ማውራቱን ተወ። አያቴም ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር የነበረውን ወንበራቸውን ቀስ በቀስ እያስጠጉ መስኮቱ ሥር አደረሱት፤ ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

አንድ ቀን ወለተ ሥላሴንና ሠዓሊውን ዝናብ አባሮ ዋሻ ውስጥ አስገባቸው። አባዬ "ዋሻው ጨለማ ነበር" ካለ በኋላ ገጽ ገለጠና፣ "በማግሥቱ ጠዋት..." ብሎ ቀጠለ።

"ቆይ!" አለች እማዬ። "ማታው የት ሄደ?"

"አለፈ።"

"እንዲሁ አለፈ?"

"ገጾቹ ተጣብቀው ነው።"

ከመስኮቱ ውጭ የአያቴ ድምፅ መጣ። "አልተጣበቁም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲገልጣቸው ሰምቻለሁ።"

አባዬ ደንግጦ ተነሣ። "አባቴ! እዚያ ነዎት እንዴ?"

"ዳዊት እየደገምሁ ነው።"

"ታዲያ እንዴት ሰሙ?"

"አፌ ነው ዳዊት የሚደግም፤ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው። በል አንብብ። የማይሆን ነገር ከመጣ አልሰማሁም እላለሁ።"

አባዬ እስከ አንገቱ ቀልቶ የዘለለውን አነበበው። በዋሻው ውስጥ የሆነው ነገር ሠዓሊው ጋቢውን አውልቆ ለወለተ ሥላሴ ማልበሱ ብቻ ነበር።

"ለዚህ ነው የዘለልኸው?" አለች እማዬ። "ለጋቢ?"

"ሌላ ነገር የሚከተል መስሎኝ ነው" አለ አባዬ።

ከዚያ ወዲያ አያቴ በይፋ ሳሎን ገቡ። ገቡና መተቸት ጀመሩ። ሠዓሊው ከአንድ ደሴት ተነሥቶ ማዕበል ሳያገኘው በታንኳ ጎርጎራ ወደብ ደረሰ ሲባል፣ "ይኼን የጻፈው ሰው ታንኳ ላይ ተቀምጦ አያውቅም" አሉ። ሠዓሊው ለወለተ ሥላሴ የላከው ቅኔ ሲነበብ ደግሞ ፊታቸው ተኮሳተረ። "ቤቱ አይመታም። በዚህ ቅኔ የተረታች ሴት ካለች ቀድሞውንም ልቧን ሰጥታዋለች ማለት ነው።" በዚህም አላበቁም፤ ቅኔውን አስተካክለው በቃላቸው ነገሩን፤ አባዬም እሳቸው እንዳሉት አድርጎ ደግሞ እንዲያነበው ታዘዘ።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲቃረብ አባዬ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ሰላም ሳይለን ተቀመጠ።

"ምነው? ማሽን ተቃጠለ?" አለች እማዬ።

"መጨረሻው የለም።"

"የምኑ?"

"የመጽሐፉ። ወለተ ሥላሴን ለአንድ መስፍን ልጅ ሊድሯት ሙሽራ አድርገዋታል፤ ሠዓሊው ጎርጎራ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተገንጥሎ ሽፋኑ ነው የቀረው።"

እማዬ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። "አንተ እንዴት አወቅህ?"

አባዬ አላሰበበትም ነበር። መጽሐፉን ሥራ ቦታ ወስዶ በምሳ ሰዓት ከኤሌክትሪክ መቀየሪያ ሳጥኑ ጀርባ ሲያነብ ነበር የዋለው።

"ያለ እኔ? ባምላክ፣ ያለ እኔ አነበብህ?"

"ትንሽ ልይ ብዬ..."

"ይኼስ ክህደት ነው" አሉ አያቴ፤ እሳቸውም ከልባቸው አዝነው።

አባዬ በደሉን ሊክስ ተነሣ። መጽሐፉን ለእማዬ የሰጠቻት ሰብለ ወንጌል ናት፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር አሮጌ መጻሕፍት የምትሸጥና የምታከራይ ሴት። ሌላ ቅጂ እንደሌላት፣ ግን ሐሙሲት ከተማ ሻይ ቤት ያላቸው ወይዘሮ እናትዓለም የሚባሉ ደንበኛዋ አንድ ቅጂ ከእሷ እንደገዙ ነገረችው። አባዬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጎንደር መንገድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጎረቤቶቹ ወዴት ቢሉት፣ "ሐሙሲት የተበላሸ ሞተር አለ" አላቸው።

ወይዘሮ እናትዓለም መጽሐፉ ነበራቸው። አላዋሱትም። "ከዚህ ቤት የወጣ መጽሐፍ ተመልሶ አያውቅም። ሻይ ይዘዙና ተቀምጠው ያንብቡ" አሉት። ወያላ በሚጮህበት፣ መንገደኛ ገብቶ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አነበበ።

ማምሻውን ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

"ምን ሆነሃል?" አልሁት በር ላይ።

"የመንገዱ አቧራ ነው።"

ከማለዳ ጀምሮ ሲዘንብ ነው የዋለው። 

ሦስታችንም ተሰብስበን ጠበቅነው። መጽሐፍ በእጁ ስለሌለ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ በመጨረሻ ኪሱ ከተተው። ወለተ ሥላሴ ከሠርጉ ድንኳን እንዴት እንደወጣች፣ በቅሎዋን እንዴት እንዳስነሣች፣ ጎርጎራ ስትደርስ ሐይቁ እንዴት ጭጋግ ለብሶ እንደነበር ነገረን። አያቴ አንድም ጊዜ አላቋረጡትም። ወለተ ሥላሴ ከበቅሎዋ ወረደች፤ ሠዓሊው ዞር ብሎ አያት።

"ከዚያስ?" አለች እማዬ።

"ከዚያማ ተገናኙ።"

"ምን አላት?"

"ብዙ ነገር።"

"ምን ምን?"

"ያው፣ መጽሐፍ ላይ የሚባል ነገር ነዋ።"

"ባምላክ፣ ክረምቱን ሙሉ ይኼን ሰውዬ ስጠብቅ ነው የከረምሁት። ያላትን ንገረኝ። እንደ እሱ ሆነህ ንገረኝ።"

አባዬ ወደ እኔ አየ፤ ወደ አባቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው። ማንበብና በራስ አፍ መናገር አንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል።

አያቴ በትራቸውን አነሡ። "ቃልኪዳን፣ ነይ እጄን ያዢኝ። አየር እንቀበል።"

"አባባ፣ እያካፋ ነው እኮ።"

"ካፊያም ውስጥ አየር አለ። ነይ።"

የጎረቤታችን ግንብ ጥግ ተጠልለን ቆምን። አያቴ ፈገግ እያሉ የሆነ ነገር ያንጎራጉራሉ። ጥምጥማቸው እስኪርስ ድረስ እንመለስ አላሉኝም። ስንገባ እማዬ አልቅሳ ነበር፤ አባዬም፣ "ሐኪሙ ይቆጣናል፤ ዓይንሽ፣ ዓይንሽ" እያለ ጉንጯን በመሐረብ ያብስላታል። ምን እንዳላት በኋላ ሁለቱንም ጠየቅሁ። እማዬ፣ "ሠዓሊው ጥሩ ተናገረ" አለችኝ። አባዬ፣ "ደራሲው ጥሩ ጽፏል" አለኝ።

መስከረም ላይ እሽጉ ተፈትቶ፣ መነጽርም ታዞላት፣ እማዬ ዓይኗ በራ። መጀመሪያ ያለችው፣ "ያን መጨረሻ በገዛ ዓይኔ ላንብበው" ነው። አባዬ ሥራ በገባበት ቀን እኔና እሷ ሐሙሲት ሄድን። ወይዘሮ እናትዓለም መጽሐፉን አመጡላት። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ፊቷን አያለሁ።

አነበበች። ቅንድቧ ከፍ አለ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፣ መለሰች፣ እንደገና ገለጠች። ፈተና ወረቀት ላይ የተኮረጀ መልስ ስታገኝ የምታሳየው ፊት ነው። ጎንበስ ብዬ አብሬያት አነበብሁ። ወለተ ሥላሴ ጎርጎራ አልሄደችም። የመስፍኑን ልጅ አግብታለች። ሠዓሊው ዳር ላይ ቆሞ ቆሞ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ታንኳውን ገፍቶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። አለቀ።

"ባለፈው የመጡት ሰውዬ ባለቤትዎ ናቸው?" አሉ ወይዘሮ እናትዓለም ጠረጴዛውን እየወለወሉ። "ሲያለቅሱ ሻዩ ቀዘቀዘባቸው። ሌላ ብቀዳላቸው እሱም ቀዘቀዘ። ሰው የሞተባቸው መስሎኝ ላጽናናቸው ነበር።"

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ የጎንደር አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቀች።

"ከራሱ ነው!" አለች። "ያን ሁሉ ከራሱ ነው የተናገረው!"

"ምኑን ነው?" አልኋት።

"አንቺ ምን አገባሽ!" አለችኝ፤ እናቴ ስትሽኮረመም ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ በመስኮቱ በኩል ውጭ ውጭውን እያየች ፈገግ ስትል ቆየች። ዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ ድንገት ተናደደች። "ደራሲው ግን ምን ነክቶት ነው? ይኼ ሁሉ ገጽ ሰውን አጓጉቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር? ባምላክ ይሻላል እኮ!"

ቤት ስንገባ አባዬ በር ላይ ቆሟል። የት እንደዋልን ከአያቴ ሰምቷል።

"አነበብሽው?" አለ።

"አነበብሁት።"

"እና?"

እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። "ልክ አንተ እንደነገርኸኝ ነው" አለችው። "ቃል በቃል።"

አባዬ ጆሮው ቀልቶ፣ ደህና የነበረውን የሳሎኑን ማብሪያ ማጥፊያ በጣቱ ይነካካ ጀመር።

አሁን የእማዬ ዓይን ከእኔ ይሻላል፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታስገባው እሷ ናት። አመሻሽ ላይ መጽሐፍ ሲነሣ ግን፣ "ዛሬ ደግሞ ፊደሉ ደበዘዘብኝ" ትላለች። አባዬም አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ጋ እንሂድ ብሏት አያውቅም።