ሁለቴ የተነከሰችው ቅጠል

ይህ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይድረቅ። አንድ ትል የአንዲት ቅጠል ግራ ጎን ላይ ተቀምጦ ነከሰ፤ ከዚያ ዞሮ ቀኟንም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት ነከሳት።

ሴትዮዋ ማጉያውን ከዓይኗ አነሳች። በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየች። ያው ነው።

ሥራዋ ሙዚየሙ ምድር ቤት ተቀምጣ፣ ድንጋይ ሆነው የቀሩ ጥንታዊ ቅጠሎችን ከየመሳቢያው እያወጣች እንደገና መመርመር፣ የድሮ ሰዎች የተሳሳቱትን ማረም ነው። ይህችኛዋ ግን የወረደችው ላይ ካለው የመስታወት ሣጥን ነው። ያገኛት ሟቹ አባቷ ነው፤ ቅጠሏም በእሱ ስም ትጠራለች። ባልደረቦቹ “ጋሽ ቅጠሉ” ይሉት ነበር። “ይህች የረገፈችበት ዛፍ ጥላ ውስጥ የገባ ወፍ ሳይወጣ ይመሽበት ነበር” እያለ ሲምል፣ ያላመነውን ሰው ያኮርፈው ነበር።

“ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?” አላት የክፍሉ ኃላፊ ከጀርባዋ መጥቶ።

“ትሉ ሁለቴ ነክሷል።”

ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። “አይ ጋሽ ቅጠሉ! ግማሿ ብትጠፋባቸው ያለችውን ግማሽ ገልብጠው በጄሶ ሠሩላት። ቀዳዳዋን እንኳ አልተዉም!”

“ታየኝ።”

“ባላየሁ ደስ ባለኝ፣ እህቴ። ግን ስም ያገኘችው በዚህ ቅርጿ ነው። ቅርጹ ጄሶ ከሆነ ስሙም ይወድቃል። ጄሶውን አንሺና ጣይው።”

“መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት።”

ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ መስታወቱ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አትጠፋም፤ መቃብሩ ሩቅ ነው፣ ቅጠሏ ቅርብ ናት። ዛሬም ባዶውን ሣጥን እያየች ተቀምጣለች።

“የት ወሰድሽብኝ?”

“ታች ናት፣ እማዬ። ግማሿ የአባዬ እጅ ሥራ ሆና ተገኘች። የእውነት ቅጠል ግራና ቀኙ እንዲህ አንድ አይሆንም። እሱ ትሉ የበላውን ቀዳዳ ሳይቀር ገልብጦታል።”

“ትሉንም?”

“ትሉንም።”

እናትየዋ ሳቀች። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ እስኪንሸራተት ሳቀች። “አይ ያንተ ነገር!” አለች፣ የሌለውን ሰው። “ጥፍሩ ውስጥ ጄሶ እያየሁ፣ ‘ግድግዳ ስለስን ዋልኩ’ ሲለኝ አምኜ!” ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች። “ስሙስ?”

“ከቅጠሏ ላይ ይነሳል፣ እማዬ።”



“እኔ እኮ ቅጠል አይቼ ምን ይገባኛል፣ ልጄ” አለች እናትየዋ። “ተማሪዎች መጥተው ስሙን ጮክ ብለው ሲያነቡት ልሰማ ነው የምመጣው። ሌላ ማን ይጠራዋል?”

ልጅቷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ጥጥ አሴቶን ውስጥ እየነከረች በመጋጠሚያው ላይ አስኬደችው፤ የድሮው ሙጫ ላላ፤ ጄሶው ሳይሰበር እጇ ላይ ወደቀ። ስትገለብጠው ጀርባው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ሳይደርቅ ተጭኖት ኖሯል። የራሷን ጣት እላዩ ላይ አሳረፈች። የእሱ ሰፊ ነበር።

ኃላፊው የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አደረገላት።

እሷ ግን አዲስ ሣጥን ስባ ጥጥ አነጠፈች፤ ጄሶውን አስተኛችው። በካርድ ላይ “ግማሽ ቅጠል፣ ከጄሶ። ሠሪው” ብላ፣ የአባቷን ስም በትልልቁ ጻፈች።

“ይሄ ደግሞ የት ሊቀመጥ ነው?”

“ላይ፣ ከእውነተኛዋ ጎን።”

“ተማሪዎቹ ምን ይላሉ?”

“ስሙን ያነባሉ።”

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር፣ ሳቁን ብቻ ነው፤ እናትየዋ አልሳቀችም።