የጧፍ ቀለም

ኪዳኑ ለመጨረሻ ጊዜ እንጅባራ ሲመጣ የእህቱን ሥራ አይቶ ሳቀባት። ዮዲት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ከክፍል የተረፈ ጊዜዋን ደግሞ ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ የሚያበራ ዱቄት ስትወቅጥና ስታቃጥል ትውላለች። ዱቄቱን የቀባችው ሰሌዳ ያኔ አረንጓዴ ነበር የሚያበራው።

«ይኼማ የመቃብር መብራት ነው» አላት። «የጧፍ ቀለም አድርጊውና አዘና፣ አጎታችን ቤት እንሰቅለዋለን። ስመለስ ይድረስልኝ።»

እየቀለደ መብራቱን ከልሎ ሰሌዳው ፊት ቆመ። መብራቱ ሲጠፋ እሱ ገለል አለ፤ ጥላው ግን አረንጓዴው መሐል ቀረ፤ በልጅነቱ ከፈረስ ወድቆ የዘመመው ቀኝ ትከሻው ሳይቀር። ትንሽ ቆይቶ ሰሌዳውም ደበዘዘ፣ ጥላውም ጠፋ። ኪዳኑ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ይኸው ሁለት ወሩ። ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ያሳደጓቸው አጎታቸው አቶ ይኸነው ስትደውልላቸው «ኔትወርክ ነው፣ አይዞሽ» ብለው ቶሎ ይዘጋሉ።

ዮዲት ሥራዋ ላይ ተደፋች። ዩሮፒየም የሚሉት ንጥረ ነገር አመለኛ ነው፤ እሱ ሳይለወጥ፣ የሚቀመጥበት ክሪስታል ሲለወጥ የሚረጨው ቀለም ይለወጣል። ዲስፕሮሲየም ደግሞ ብርሃኑን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ቆጣቢ ነው። ክሪስታሉ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም በሲሊከን ተካች፣ የምድጃውን ሙቀት ከፍ ዝቅ አደረገች። ዱቄቱ ቢጫ ሆነ፣ ብርቱካን ሆነ፣ ሁለቴ ጭራሽ አልበራም አለ። ቀለሙ ከተገኘ ወንድሟ የሚመጣ ይመስላት ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ሰው በምን ይጽናና?

ሐሙስ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ጋርዳ አዲሱን ሰሌዳ ብርሃን አጠጣችው። መብራቱን ስታጠፋ የጧፍ ቀለም ወጣ፤ ቁርጥ የጧፍ። እልል ልትል አፏን ስትከፍት አየችው። ሰሌዳው መሐል የሰው ጥላ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም፤ እሷም ያለችው በሩ ጋ ነው። የጥላው ቀኝ ትከሻ ዘመም ብሏል።

ሰሌዳውን ላይ ታች ገልብጣ እንደገና አብርታበት አጠፋች። ጥላው አልተዘቀዘቀም፤ በእግሩ ቆመ። እንዲያውም አንድ እርምጃ የቀረበ መሰላት።

ሮጣ የላቦራቶሪውን ዕቃ ጠባቂ አበረን ጠራች። የአዘና ሰው ናቸው፣ እሷንም ኪዳኑንም ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ሰሞኑን ግን ዓይኗን አያዩም። እሳቸው ብቻም አይደሉም፤ ስትገባ ወሬ የማይቋረጥበት ቢሮ የለም። ሥራዋ ያሳበዳት መስሏቸው ነው ብላ ሁሉንም ተቀይማ ነበር።

«ጋሼ አበረ፣ እባክዎ ይዩልኝ። አብጄ እንደሆነም ይንገሩኝ።»

መብራቱን አጠፋች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ።

«ኪዳኑ ነው» አሉ። «ትከሻውን መች አጣዋለሁ? ነፍሱን ይማረውና፣ ከፈረስ የወደቀ ለት ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ያደርጋል፣ ቃሉ ወጥቷል። ነፍስ ይማር ለማን እንደሚባል ዮዲት ታውቃለች።

«መቼ?» አለች።

«መኪናው ገደል ከገባ ሁለት ሳምንቱ። እሑድ ጎህ ሲቀድ አጎትሽ ከዘመድ ጋር መጥተው ሊያረዱሽ ነበር። መሬት ይዋጠኝ! መርዶ እንዲህ በቀትር፣ ደጋፊ ሳይኖርሽ…»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ብርሃን ነው። ጥላው የለም። ዘመድ አዝማድ ተማክሮ ያቆየውን ነግሯት ሄዷል።

አበረ እያለቀሱ ወደ ማብሪያው እጃቸውን ዘረጉ።

«አያብሩት፣ ጋሼ» አለች። «ሳይደበዝዝ ላልቅስበት።»