የማትሄደው ብስክሌት

ሐርጌሳ እርስ በርሷ በምትታኮስበት በዚያ ዓመት፣ የሽማግሌው የሀይቤ ብስክሌት የትም አትሄድም ነበር። ዋሄን ገበያ አጠገብ ብየዳ የሚሠራው ክፍሌ ከአሮጌ ብስክሌትና ከአንድ ከባድ የብረት መዘውር ገጣጥሞ፣ በቧንቧ እግር ላይ ያቆማት ናት። የሀይቤ ጉልበት በመድፍ ፍንጣሪ ተመትቶ አልታጠፍ ስላለ፣ ሐኪሙ በየቀኑ ያንቀሳቅሱት ብሏቸዋል። ስለዚህ ከዐሱር ሶላት በኋላ ምርኩዛቸውን መሪው ላይ አንጠልጥለው በረንዳው ላይ ይጋልባሉ። ጎረቤት «ዛሬ የት ደረሱ?» እያለ ሲቀልድባቸው፣ «በርበራ» ይላሉ ሳይስቁ።

አዚዛም አትስቅም ነበር። ከወሎ መጥታ በዚያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ልጅ ሳለች የሌባ ጣቷን ጫፍ የወፍጮ ቤት ቀበቶ ወስዶባታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሏትም ግድ የላትም። የብስክሌቷ ጠባይ በእርግጥ ክፉ ነው። ሀይቤ ከወረዱ በኋላም ያ መዘውር ፔዳሉንና ሰንሰለቱን እየጎተተ ብቻውን ይዞራል፤ ሰንሰለቱም መሸፈኛ የለውም። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሲራድ ደግሞ በድምፁ ፍቅር ወድቃለች።

አንድ ቀን ሲራድ የመጥረጊያ እንጨት ሰንሰለቱ ውስጥ ስትከት አዚዛ ደረሰች። እንጨቱ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ከልጅቷ ጣት የወፈረ ነበር። አዚዛ ሲራድን ነጥቃ አቀፈችና ስብርባሪውን ለቅማ ያዘች።

እራት ሲቀርብ ስብርባሪውን ከሀይቤ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችና ክፍሌ ለብስክሌቷ መሸፈኛና ማቆሚያ እንዲሠራላት ለመነቻቸው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ያለቻቸው። ሀይቤን በቤተሰቡ ፊት በሠራተኛ መመከር ከበዳቸው።

«ሲራድን ከመድፍ ያተረፋት አላህ ከብስክሌት አያተርፋትም?» አሉ።

አዚዛ ሌሊቱን ሳታድር ልትባረር እንደምትችል ታውቃለች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት። «አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ግመል ነግደዋል። ነቢያችን ግመሉን ሳያስር ለተወው ሰውዬ ምን አሉት? መጀመሪያ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ አላሉትም?»

የሲራድ እናት ዒዲል ወደ አፏ ያነሳችውን እጅ መለሰች። ሀይቤ ጢማቸውን ደባበሱ። ግመሉን ሳያስር የተኛ ነጋዴ ጠዋት ምን እንደሚሆን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ክፍሌ ተጠራ።

ክፍሌ የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ሰንሰለቱንና መዘውሩን ግራና ቀኝ አለበሳቸው። ከመኪና ጎማ ቁራጭም ማቆሚያ ሠራ፤ እጀታው ሲሳብ መዘውሩ ቀጥ ይላል። አዚዛ ዙሪያውን በዚያች በጎደለች ጣቷ እየዳበሰች አንድ ክፍተት አገኘችና አሳየችው፤ እያጉረመረመ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ ሀይቤ ጋልበው ሲወርዱ ፔዳሉን በግመል ገመድ ራሳቸው ያስሩት ጀመር።

ወር ሳይሞላ፣ ሀይቤ በግልቢያ ላይ ሳሉ ከአየር ማረፊያው በኩል መድፍ አጓራ። ሁለተኛው ጥይት ከአጥሩ ማዶ ወደቀ። ሲራድ እየጮኸች ወደ አያቷ ስትሮጥ ተደናቀፈችና ሁለት እጇን ዘርግታ በምትዞረው ብስክሌት ላይ ወደቀች። አዚዛ ከማድቤቱ ደጃፍ ይህን አየች፤ ከዚያ አቧራው ሁሉን ሸፈነው። ጓ የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ ማቆሚያው ሲጥ አለ።

በአቧራው ውስጥ እየዳበሰች ስትደርስ ብስክሌቷ ቆማለች፤ ሰው ግን የለባትም። ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ደም ፈለገች፤ አላገኘችም።

ከግቢው ማዶ፣ ግድግዳው ወፍራም ወደሆነው መሸሸጊያ ክፍል ሮጣ ስትደርስ፣ ሀይቤ ሲራድን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዙ ይቆጥራሉ። «ኮው፣ ላባ፣ ሰደሕ…» አሥር ላይ ሲደርሱ አላመኑም፤ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። እንደገናም አሥር ሆነ። አዚዛ በሩን ተደግፋ አለቀሰች፤ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

«አባባ፣ ምርኩዝዎስ?» አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

ሀይቤ ባዶ እጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸውን አዩ። ምርኩዙ ከግቢው ወዲያ ማዶ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ሁሉ መንገድ ልጅ ተሸክመው በሩጫ ነው የመጡት። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሲራድም አብራ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ወደ አዚዛ ዞረው፣ «ግመሏን አስረሽ እኔን ፈታሽኝ።»