ያልተሠራው መታጠቢያ ቤት

"ምድር ቤት ውስጥ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት አለ ይላል" አለች የግብር ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግሎሪያ፣ የቤቱን መዝገብ ካርድ ወደ ዓይኗ አስጠግታ። "ወለሉም ሴራሚክ ነው ይላል።"

ዋንዳ ሳቀች። "የማን ቤት ነው ደግሞ እሱ? እኛ ምድር ቤት ያለው ማጠቢያ ማሽንና የኦርቪል የዛገ ብሎን ነው!"

አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ኦርቪል ግን አልሳቀም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ጠዋት ከቤት ሲወጣ ልቡ ሙሉ ነበር። በዚያች ትንሽ የሚሺጋን ከተማ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በሰፈራቸው የተሸጡትን የሦስት ቤቶች ዋጋ በወረቀት ጽፎ ይዟል፤ ሁሉም በግማሽ ወርደዋል። የእሱ ቤት ግምት ግን ያው የድሮው ነው፤ ግብሩም እንደዚያው። ካልተቀነሰላቸው በጡረታ ብር የሚገፋ ነገር የለም፤ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩበትን ቤት መልቀቃቸው ነው። ኦርቪል ስለ ገበያው መውደቅ ብቻ የሚጠየቅ መስሎት ነበር። ይህን ካርድ ማን አስታወሰው!

ነገሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የያኔው የቤት ግብር ገማች ሃርላን ፔክ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ፣ የዋንዳ ወንድም ዴል በረንዳው ላይ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ያ ጀልባ የገዛ ዴል፣ "እህቴን ምን ዓይነት ጎጆ ውስጥ ነው የከተትካት?" እያለ የሚያላግጠው ዴል። ሃርላን "ምድር ቤቱስ ተሠርቷል?" ሲለው ኦርቪል ደረቱን ነፍቶ፣ "እንዴታ! መታጠቢያ ቤት ሳይቀር! ወለሉም ሴራሚክ!" አለ። ሃርላን ጎረቤቱን አመነ፤ ወርዶ እንኳ አላየም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? በማግስቱ ሄዶ ማስተካከል ሲችል አፈረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለሌለ መታጠቢያ ቤት ግብር ከፈለ።

"ግልጽ ነው" አለች ግሎሪያ። "ሃርላን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተሳስቷል። የቢሮው ስህተት ብለን እንመዘግበዋለን። ግምቱም ከገበያው ጋር ይወርዳል፣ ያለፈው ዓመት ትርፍ ክፍያም ይመለስላችኋል።"

"ተመስገን!" ዋንዳ የባሏን ጉልበት ጨበጠች። "ጥርሴን ልታከምበት ነው! ያ ሃርላን ግን ድሮም ዝንጉ ነበር።"

ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጆሊን መጻፏን አቆመች። የሃርላን ልጅ ናት። ቀና አላለችም፤ አንገቷ ግን ቀላ።

ኦርቪል አያት። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሃርላን እንደሆነ አፈር ለብሷል። የጆሊን እስክሪብቶ ግን እንደቆመ ነው።

"ሃርላን አልተሳሳተም" አለ። "እኔ ነኝ አለ ያልኩት። ዴል ፊት እንዳላንስ ብዬ ዋሸሁ።"

ዋንዳ እጇን ከጉልበቱ ላይ አነሳች። "ኧረ ኦርቪል! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ? ለዴል ብለህ?"

ግሎሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባለቤቱ የሰጠው የሐሰት ቃል ከሆነ የዘንድሮው ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ተመላሽ የለም። ኦርቪል፣ ከፈለጉ እኔ ምንም አልሰማሁም።"

ዋንዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኦርቪል ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ወደ ጆሊን ዞረ።

"ጻፊው፣ ልጄ" አላት። "ባለቤቱ ዋሽቷል ብለሽ ጻፊ።"